አባቴና የልጄ ሞተር

ዛሬ የምጽፈው ስለ ቢሮ ጉዳይ ሳይሆን በቤቴ ስለሆነው ነው።

ልጄ ውትድርናውን እንደጨረሰ ባጠራቀማት ገንዘብ አሮጌ ሆንዳ ሲቪክ ገዛ። በሦስተኛው ወር ውሃው አልቆ ሞተሩ ጋለ። ሙሳክ የጠየቁት ዋጋ ከመኪናው ዋጋ አይተናነስም። «ጣለው» አልኩት፤ አልሰማኝም። ቴስታታውን፣ ሮሽ ማኖዓ የሚሉትን፣ ፈትቶ በረንዳዬ ላይ ዘረጋው። ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን። እኔ ነኝ እንግዲህ ቀን ቀን የሰው ወላጅና ልጅ የማስታርቀው!

ዓርብ ጠዋት አባቴ መጡ። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ሲበዛበት ይጎብጣል። ልጄ ቀጥ ያለ ብረት በቁመትና በሰያፍ እያጋደመ፣ ከሥሩ ስስ የብረት ቅጠል እያስገባ ይለካል። መመሪያው ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከጎበጠ ይላግ ይላል፤ ከ0.2 ካለፈ ግን አይሆንም። አባቴ ቆመው አዩና ብረቱን ተቀበሉት። ወደ ብርሃን ዞረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እዚህ ጋ ነው» ብለው መሐሉ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ልጄ ለካ፤ 0.12።

«ሳባ፣ ኤይፎ ላማድታ?» አላቸው። የት ተማርከው ማለቱ ነው። አባቴ ዝም አሉ። ጎንደር እያለን ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር፤ አገሬው ማረሻውን እያሠራ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። እዚህ ከገባን ወዲህ ስለ ብረት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት ስለ ወናፉ፣ ስለ ከሰሉ አወሩለት። እኔ ስተረጉም፣ አብዛኛውን እኔም ገና መስማቴ ነበር።

ቴስታታው ተላገ። ልጄ ግን ጉልበት ይጨምራል የተባለ፣ ከፋብሪካው ያልሆነ ካምሻፍት ከሰው ገዝቶ ነበር። ካምሻፍት ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው። ሻጩ ቁጥር ነግሮታል፤ ወረቀት ግን የለም። ቁጥሩም ብቻውን አያስተማምንም። ቫልቩ ስንት ዲግሪ ክፍት እንደሚቆይ አንዱ ገና ሲነቃነቅ ጀምሮ ይቆጥራል፣ ሌላው 1 ሚሊሜትር ከተነሳ በኋላ። ይህን ያስረዳኝ ልጄ ነው፤ ትምህርት ቤት «ቁጥር አይገባውም» ያሉኝ ልጅ።

ስለዚህ ፒስቶኑ ላይ የሕፃናት ፕላስቲሊና ለጠፈ፣ ቴስታታውን በአሮጌው ጓርኒሲዮን ገጠመ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ሞተሩን በእጁ ቀስ ብሎ ሁለት ዙር አዞረ። ከዚያ ፈትቶ ፕላስቲሊናውን በምላጭ ቆረጠ። በመግቢያው ቫልቭ በኩል የቀረው ውፍረት 1.1 ሚሊሜትር ነው። ቢያንስ 2 ገደማ ያስፈልግ ነበር። ቴስታታው ሲላግ ቫልቩ ጥቂት ቀርቧል፤ ይበልጡን ግን የገፋው ካምሻፍቱ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ቫልቩና ፒስቶኑ ቢነካኩ ሁሉም ነገር አለቀ።

ልጄ እኔን አላየም፤ አያቱን አየ። አባቴ የተቆረጠውን ፕላስቲሊና በጣታቸው ዳበሱና «አሮጌውን መልሰው» አሉት። እኔ ብለው ኖሮ በሩን ወርውሮብኝ ይወጣ ነበር። «ቤሴደር፣ ሳባ» ብሎ ቁልፉን አነሳ። ያንን ማንም አልተረጎመለትም።

አሁን ዓርብ ዓርብ አያቱን በመኪናው ወደ ሹክ ይወስዳል። ሻጩ አልቀበልም ስላለ ካምሻፍቱ በረንዳዬ ላይ ነው። ባለፈው አባቴ አንስተው ሲመዝኑት አየኋቸው፤ «ጥሩ ብረት ነው» አሉ።