ወደ ውስጥ የሚዞር መብራት

ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር ከመድረክ ሳይሆን ከጋራዤ የመጣ ነው። ለመጻፍ ብዙ ወራት አመነታሁ። ባለቤቴና ልጄ አንብበውት "ይጠቅማል፣ ጻፈው" ስላሉኝ ነው የጻፍኩላችሁ።

አባቴ በንጉሡ ዘመን የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር። ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ለሠራዊቱ ከመጡት ጂፖች አንዱን ይነዳ ነበር። ሳሎናችን ውስጥ አንድ እጁን የጂፑ ኮፈን ላይ አሳርፎ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ከፎቶው ይልቅ የማልረሳው ግን ልማዱን ነው። ማንኛውንም መኪና ከማስነሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከሥሩ የፈሰሰ ጠብታ እንዳለ ያያል፤ ከዚያ ገብቶ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ይረግጣል። "ሞተር እንቢ ቢልህ ቤትህ ትቀራለህ፤ ፍሬን እንቢ ቢልህ ግን ሰው ቤት ለቅሶ ታስገባለህ" ይለኝ ነበር።

እዚህ ኦሃዮ መኖር ከጀመርኩ ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ገበሬ መጋዘኑ ውስጥ የቆመ አሮጌ ጂፕ ሊሸጥ እንደሆነ ሰማሁና ሄድኩ። ጂፑ የወፍ ኩስና የገለባ አቧራ ለብሶ፣ ጎማዎቹ ተንፍሰው ቆሟል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ትርፍ ተሽከርካሪዎችን ሲሸጥ የገበሬው አባት ገዝቶት ለእርሻ ሥራ ሲያገለግል ኖሯል። እኔ ግን ያየሁት የአባቴን ፎቶ ነበር። ሳልከራከር ገዛሁት።

የእነዚህ ጂፖች ታሪክ ደስ ይላል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1940 ትንሽ፣ ቀላልና በአራቱም ጎማ የምትጎትት መኪና ሲፈልግ የመጀመሪያውን ናሙና ሠርቶ ያስረከበው በፔንሲልቬንያ ባትለር ከተማ የነበረው ባንታም የሚባል አነስተኛ ኩባንያ ነው። በብዛት ያመረቱት ግን እዚሁ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ከተማ የነበረው ዊሊስ ኦቨርላንድና ፎርድ ናቸው። ሁለቱ እስከ 1945 ድረስ ከ600,000 በላይ ሠርተዋል። ለማያውቅ ሰው የሁለቱ ጂፖች አንድ ናቸው፤ የሚያውቅ ግን ይለያቸዋል። ፎርድ በብዙ ብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ "ኤፍ" የምትለዋን ፊደል ያስቀርጽ ነበር። የእኔው ፎርድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የተሠራ። አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር፣ 60 የፈረስ ጉልበት፣ 6 ቮልት ባትሪ። በር የለውም፤ ሾፌሩ የሚቀመጠውም የነዳጅ ታንኩ ላይ ነው።

ሁለት ዓመት ሠራሁት። ኮፈኑን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ስፍቅ፣ የገበሬው አረንጓዴ ቀለም ለቅቆ ከሥሩ ጦሩ የጻፈበት ቁጥር ብቅ ያለ ቀን የጮህኩትን ጩኸት ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ያነሡብኛል። ወለሉን ስፈታ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። ከወለሉ ሥር ማጠናከሪያ የብረት ማገሮች አሉ፤ በውስጣቸው እንጨት ገብቶባቸዋል። እንጨቱ ለብዙ ዓመታት ውኃ ሲይዝ ብረቱን ከውስጥ በልቶታል። ከላይ ሲያዩት ደህና ላሜራ ነው፤ በሹል ብረት ሲነኩት እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረካከሳል። ይህንን ቆርጬ በአዲስ ብረት ለወጥኩ። በኅብረታችንም ለወንድሞች "ዝገት ከውስጥ ነው የሚጀምረው፤ ኃጢአትም እንዲሁ ነው" ብዬ አስተማርኩበት። የቤት ለቤት ኅብረት መሪ ነበርኩና ምሳሌው ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። ለራሴ ግን አልሰማሁትም።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ። አሜሪካዊ ናቸው፤ "ልጄ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ። የቀለሙን ሥራ ጨርሼ ነጩን ኮከብ ከሳልኩ በኋላ ጠርቼ አሳየኋቸው። ዞረው አዩት፣ አመሰገኑ። ከዚያ እንደ አባቴ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩና "የፍሬኑን መስመር ቀየርከው?" አሉኝ።

አልቀየርኩትም ነበር። ዋናውን የፍሬን ፖምፓ ጠጋግኜ፣ አዲስ ዘይት ሞልቼ፣ ፔዳሉ ሲጠነክር ጊዜ ትቼው ነበር። በግንቦት መጨረሻ በከተማችን ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ በሚደረገው ሰልፍ ላይ ጂፑን ለመንዳት ተመዝግቤያለሁ። ቀለሙን ሰው ያየዋል፤ የፍሬን ቱቦ ግን ማንም አያይም። "ከሰልፉ በኋላ እቀይረዋለሁ" አልኳቸው።

እሳቸውም በትዕግሥት አስረዱኝ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪናው ለዓመታት ሲቆም ያ እርጥበት የብረት ቱቦውንና የየጎማውን ትንንሽ ፖምፓዎች ከውስጥ ያዝጋል። የዚህ ጂፕ የእግር ፍሬን ደግሞ ለአራቱም ጎማ አንድ መስመር ብቻ ነው። እንደ ዛሬ መኪኖች አንዱ ቢበጠስ ሌላው አይዝም፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ ሁሉም ይሄዳል። "ልጄ፣ አንድ ጠብታ በቂ ነው" አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ሰልፉ ሰኞ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጄን አስቀምጬ አይስክሬም ልገዛላት ወጣሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። በር በሌለው ጎን ያለውን የሸራ ማሰሪያ አስሬላት፣ ፀጉሯን ነፋስ እየመታው እየሳቀች ሄድን። ወደ መስቀለኛ መንገድ የሚወርድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ደገምኩት። ምንም የለም።

በዚያች ቅጽበት "ኢየሱስ" ከማለት ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። ወደ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ሞተሩ ያዘው። የእጅ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ። የዚህ ጂፕ የእጅ ፍሬን ከዘይቱ ጋር አይገናኝም፤ በሽቦ ተስቦ ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው የሚይዘው። መሪውን ወደ ሣሩ አዙሬ የአንድ ሰው የፖስታ ሳጥን አጠገብ ቆምን። ከፊታችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አለፈ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጄ ጠርጥራ "አባዬ፣ ምን ሆነ?" አለችኝ። እኔም ያልኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። "ምንም አልሆነም። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ትጨነቃለች" አልኳት።

በአንደኛ ማርሽ በእግረኛ ፍጥነት ወደ ቤት መለስኩት። ሰኞ ለሰልፉ አዘጋጆች "ባትሪው አልሠራ አለ" አልኩ። ባለቤቴ ስትጠይቀኝም ያንኑ ደገምኩላት። አዩ ወገኖቼ፣ በሦስት ቀን ሦስት ውሸት። እሁድ ደግሞ በመካከሉ ነበር፤ ቆሜ ዘምሬያለሁ።

ረቡዕ ማታ በቤታችን ጸሎት ሁልጊዜ ልጃችን ናት የምትጀምረው። "በይ እንግዲህ" አልኳት። "ዛሬ አልጸልይም" አለች። እናቷ "ምነው የኔ ልጅ?" አለቻት። ልጄ እኔን አላየችኝም፤ ምንጣፉን እያየች "እንዳልናገር የተባልኩት ነገር አለ። ለጌታ ብነግረው መናገር ይሆንብኛል?" አለች።

እንዲህ ያለ ስብከት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ልጄን ከጭነት መኪና ያተረፍኳት መስሎኝ ነበር። ግን ከጸሎት አስቁሜያታለሁ። ከአባቷ ጋር ለመሆን ብላ ከጌታ ፊት እንድትሸሽግ አስተምሬያታለሁ።

እዚያው ሁሉንም ተናገርኩ። የመካኒኩን ማስጠንቀቂያ፣ "ከሰልፉ በኋላ" ማለቴን፣ ቁልቁለቱን፣ የባትሪውን ውሸት። ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም አልኳት። መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። ባለቤቴ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ "ፍሬን ይበላሻል፤ የሰው ሥራ ነው። ልጄን ዝም ማሰኘትህን ግን ቶሎ አልረሳውም" ብላ ተነሥታ ሄደች። እውነቷን ነው። ይቅርታ አድርጋልኛለች፤ መተማመኑ ግን በአንድ ሌሊት አልተመለሰም። ጌታ ይቅር ሲለን መዘዙ ሁሉ በዚያው ቀን ይጠፋል ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

በማግስቱ ለመካኒኩ ነገርኳቸው። አልቆጡኝም። መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። የጎማውን ታምቡር ሲፈቱ የፍሬን ሸራው በዘይት ርሶ፣ ትንሹ ፖምፓ ውስጡ ቡናማ ጭቃ ሆኖ አገኘነው። ዋናውን ፖምፓ፣ የየጎማውን ፖምፓዎች፣ ቱቦዎቹንና ሸራዎቹን በሙሉ ቀየርን። ክረምቱን ሙሉ ጂፑ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ከረመ። በሰልፉ ያልታየው ያ ያማረ ቀለም አቧራ ጠጣ።

አንድ ማታ ሲጨልምብን እሳቸው ወደ ጂፑ ፊት ሄደው አንዲት ዳዶ በእጃቸው ፈቱና የፊት መብራቱን ወደ ኋላ ገለበጡት። መብራቱ ዞሮ የራሱን ሞተር አበራ። ይህን ያውቁ ኖሯል? እነዚህ ጂፖች የፊት መብራታቸው በማጠፊያ የተገጠመ ነው፤ መካኒኩ በሌሊት ሞተሩን እንዲጠግን ወደ ውስጥ እንዲዞር ተደርጎ ነው የተሠራው። ሁለት ዓመት ስሠራው ያንን ማጠፊያ አጽድቼዋለሁ፣ ቀብቼዋለሁ። አዙሬው ግን አላውቅም ነበር።

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የእኔ መብራት ሁልጊዜ ወደ ፊት ነበርና። ለኅብረቱ አበራለሁ፣ ስለ ሌሎች ዝገት አስተምራለሁ። ዳዊት በመዝሙር 51 ንስሐ ሲገባ እግዚአብሔር በሰው ውስጥ ያለውን እውነት እንደሚፈልግ ያወቀ ሰው ነው። እስራኤል በጋይ ፊት የተሸነፈውም ሠራዊቱ ስላነሰ አይደለም፤ ኢያሱ 7 ላይ እንደምናነበው በአንድ ሰው ድንኳን ሥር የተቀበረ ነገር ስለነበረ ነው። የተቀበረው በአንድ ድንኳን ነው፤ የወደቁት ግን የሌላ ቤት ልጆች ናቸው። አንድ መስመር፣ አንድ ጠብታ።

እኔ ብናገር ኅብረታችን ይፈርሳል ብዬ ፈርቼ ነበር የደበቅኩት። ሐዋርያው ዮሐንስ ግን በአንደኛ መልእክቱ ምዕራፍ 1 ላይ ነገሩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ እርስ በርሳችን ኅብረት የሚኖረን በብርሃን ስንመላለስ ነው። የክርስቶስ ደም የሚያነጻንም እዚያው ብርሃኑ ውስጥ ነው። ደሙ የሚሠራው በቀለም ላይ አይደለም፤ ተፈትቶ በተገለጠው ብረት ላይ ነው። ኅብረቱንም ሰብስቤ ነገርኳቸው፤ ለጥቂት ወራትም ሌላ ወንድም እንዲመራ ጠየቅኩ። የሚገርመው፣ በዚያ ምሽት ሁለት ወንድሞች ለዓመታት የያዙትን ሸክም አወጡ።

ምናልባት ይህን የምታነቡ፣ ጌታን ገና ያላወቃችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። "መጀመሪያ ራሴን ላስተካክልና እመጣለሁ" የምትሉ። እኔ ጂፑን ወደ መካኒኩ የወሰድኩት ያማረ ሲሆን ነበር፤ የረዱኝ ግን የፈሰሰውን ሳሳያቸው ነው። ኢየሱስ የፈሰሰውን አይቶ የሚሸሽ ጌታ አይደለም። ለዚያ ነው የመጣው፣ ለዚያም ነው የሞተው፣ ተነሥቶም ዛሬ ሕያው ነው። እንዳላችሁ ኑ።

በመከር ወራት ጂፑ ወረደ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ "ፍሬኑ ተሞክሯል?" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ ተቀመጠች። ልጄ ግን ከመነሣታችን በፊት "ቆይ" አለችና ወርዳ ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየች። ከዚያ በእኔ ቦታ ተቀምጣ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ረገጠች። አያቷን አላየችውም። ሁለተኛውን ረገጣ ስትረግጥ ዓይኔ እንባ ሞላ።

አባት ሆይ፣ የምናበራውን መብራት ወደ ውስጣችንም አዙር። የተቀበረውን አሳየን፤ ስታሳየንም አትተወን። በልጆቻችን አፍ ላይ ያደረግነውን ዝምታ ፍታ። ቤታችንን በእውነትህ አቁም። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።