ባቡሩ ዲላ ባይደርስም

ዲላ የምኖረው ከሞያሌው አስፋልት ዳር ነው። ማለዳ ቡና ስናፈላ፣ ከይርጋ ጨፌ ቡና ጭነው የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ማርሽ ሲቀይሩ ጭሳቸው በረንዳችን ድረስ ይገባል። ዕድሜዬን በነርስነት የሚያስሉ ሕፃናትን ደረት ሳዳምጥ የኖርኩ ነኝና፣ የልጅ ልጄን «ግቢ እባክሽ!» ማለት አልተውም።

በቀደም «እማማ፣ ቡናው የት ይሄዳል?» አለችኝ።

«ጅቡቲ፤ ከዚያ በመርከብ።»

«ለምን በባቡር አይሄድም?»

ባቡር ስትል ትዝ ያለኝ በወጣትነቴ ከለገሃር ድሬዳዋ የተጓዝኩበት የናፍጣው ባቡር ነው፤ ነጠላዬ ጠቁሮ ነበር የወረድኩት። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። መብራታችን በአብዛኛው ከወንዞቻችን ስለሚመነጭ፣ ለናፍጣ ከሚወጣ የውጭ ምንዛሪ ያድነናል። ጣጣም አለው፤ ሽቦና ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ኃይል ሲቋረጥ ባቡሩም ይቆማል፣ ባለሙያም አስቀድሞ ማሠልጠን ያሻል። ቻይናውያን ሥራውን ለእኛና ለጅቡቲ ልጆች ያስረከቡት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እኛ ነርሶች እንኳ ተራ ስንረካከብ ስለ እያንዳንዱ በሽተኛ ተነጋግረን ነበር።

ከሞጆ ወደ ደቡብ እንዲወርድ የታሰበው መስመር ግን ዛሬም ዕቅድ ነው። በመስከረም 2016 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ያ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡና የሚያበቅል ምድር፣ ፍሬውን እስከ ሞጆ የሚልከው በናፍጣ ነው።

በክረምቱ ዕረፍት ሞጆ ወስጄ ባቡሩን ላሳያት ቃል ገብቻለሁ። የምንሳፈርበት ሚኒባስም፣ ያው፣ ያጨሳል።