ነጩ ነጠብጣብ ሲጠፋ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዓሣ ነው። «ደግሞ ስለ ዓሣ!» ብላችሁ ገጹን ከማለፋችሁ በፊት ግን ጥቂት ታገሡኝ። ቤታችሁ ዓሣ ባይኖር ልጅ ይኖር ይሆናል። ለልጅ በችኮላ ተነግሮ ሳይሆን የቀረ ቃልም ምናልባት አይጠፋም። የእኔ ታሪክ ሁለቱንም ይነካል።

የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሳሎናችን ጥግ 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ አለ። ያመጣው ባለቤቴ ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ገንዳውን የተረከበው ልጃችን ነው፤ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። ጠዋት ምግባቸውን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ የሚበትነው፣ ማታ መብራታቸውን የሚያጠፋው እርሱ ነው። ስለ አባቱ ብዙ አያወራም። ስለ ዓሦቹ ግን አውርቶ አይጠግብም። ስለዚህ በዚያ ገንዳ ውስጥ ያለው ስድስት ጥቁር ሞሊ ብቻ እንዳልሆነ እኔም ይገባኝ ነበር።

በነሐሴ ወር፣ ልደቱ ሲደርስ፣ ላስደስተው ብዬ ሁለት ዓሦች ገዛሁ። በፕላስቲክ ከረጢት ከነውሃቸው አምጥቼ እንዳሉ ገንዳው ውስጥ ዘረገፍኳቸው። ልጄ በደስታ ጨፈረ። እኔም ጥሩ እናት የሆንኩ መሰለኝ።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሳሎን ጠራኝ፦ «እማዬ፣ ዓሣዬ ላይ ጨው አለ!»

እውነቱን ነው፤ ጥቁሩ ገላ ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ክንፋቸውን ወደ ገላቸው አጥፈዋል፤ የሚያሳክካቸው ይመስል ከድንጋዩ ጋር ይታከካሉ። ሮጬ ሄጄ ሰማያዊ ፈሳሽ መድኃኒት ገዛሁና እንደ መመሪያው ጠብ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን አንድም ነጭ ነጥብ አልቀረም።

«ድነዋል!» አልኩት። የቀረውን መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። በጠርሙሱ ላይ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ ተጽፎ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም።

በስምንተኛው ቀን ሁሉም ነጭ ለብሰው አደሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስቱ ሞቱ። ልጄ ሦስተኛውን በማንኪያ ሲያወጣው አላለቀሰም። ዘወር ብሎ ብቻ እንዲህ አለኝ፦ «ድነዋል ብለሽኝ ነበር እኮ። ስለ አባዬም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር።»

ምን ትመልሱለት ነበር? እኔ መልስ አጣሁ። አባቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ፊቱ መለስ ባለበት ሳምንት «ድኗል፣ አለቀ» ብዬው ነበርና። ሐኪሙ ግን እንዲያ አላለኝም ነበር። ገና ክትትል ይፈልጋል ነበር ያለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ወደሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። እርሱ ቤቱ ውስጥ የጨው ውሃ ገንዳ አለው፤ ኮራል ያሳድጋል። ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ጥቃቅን አካላት በአንድነት እየኖሩ ከሥራቸው እንደ ኖራ ያለ አጽም ይሠራሉ። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በአፋር፣ በደናክል ዝቅተኛ ስፍራ፣ ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር ገብቶ በነበረ ጊዜ ያደጉ ኮራሎች ዛሬ በደረቅ ምድር ላይ ድንጋይ ሆነው ይታያሉ።

ወንድሜ አድምጦኝ ሲያበቃ፣ «እትዬ፣ ነጥቡ የጠፋው ስለዳኑ አይደለም። ተባዩ ሊራባ ወርዶ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጩ ነጥብ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተባይ ዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ሲያብጥ የሚፈጠር ነው። እዚያ ተሸሽጎ ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ ዓሣውን ይለቅና ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል። ሽፋን ለብሶም ይከፋፈላል፤ ከአንዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይወጣሉ። እነዚህ በውሃው ውስጥ እየዋኙ ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ። በሞቀ ውሃ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚገድላቸው በዚህች አጭር የመዋኛ ጊዜ ነው። እኔ ግን መድኃኒቱን ያቆምኩት ልክ እነርሱ ሊወጡ ሲሉ ነበር።

ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዑደቱ ይረዝማል። በ25 ዲግሪ በሳምንት ገደማ የሚያልቀው በቀዝቃዛ ውሃ ሳምንታት ይፈጃል። በአዲስ አበባ ክረምት መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሲቆም ተባዩ ቀስ ይላል እንጂ አይሞትም። በሦስት ቀን የሚያልቅ ሕክምና የለም ማለት ነው።

ወንድሜም ይህን የተማረው በኪሳራ ነበር። አንድ ጊዜ ቅርንጫፋማ ኮራሉ ቀለሙ እየገረጣ ሄደበት። ውሃውን ለካ፤ ደኅና ነው። መብራቱን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ በማጉያ መነጽር ሲመለከት ኮራሉ ላይ ክብ ክብ የንክሻ ምልክቶች አየ። የሚበላው ጠፍጣፋ ትል ነበር። ትሉ ራሱ ኮራሉን ስለሚመስል ቢያፈጡበትም አይታይም። ኮራሉን አውጥቶ በመድኃኒት ውሃ ሲነክረውና በፕላስቲክ መርጫ ውሃ ሲረጨው ትሎቹ ረገፉ። ደስ አለው፤ ወደ ገንዳው መለሰው።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና መጡ» አለኝ። መንከሩ ትሉን ይገድላል እንጂ እንቁላሉን አይነካም። እንቁላሉ ደግሞ ከኮራሉ ሥር፣ ሥጋው በተነሳበት ባዶ አጽም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ እንቁላሉን እየፋቁ፣ ካልሆነም ያንን ክፍል ቆርጠው እየጣሉ፣ በየሳምንቱ ለብዙ ሳምንታት ደጋግመው መንከር ግድ ነው።

ሌሎቹንም ነገረኝ። ቅጠል መሰል ኮራል ከሥሩ ነጭ እየሆነ ከሄደ ገልብጦ ማየት ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆን ነጭ ቀፎ አልባ ቀንድ አውጣ ከሥር ተደብቆ እየበላው ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሚሊሜትር የሚያህል፣ ቀይ ነጥብ ያለው ቢጫ ተባይም አለ። እርሱን የሚገድለው ለውሻ የልብ ትል የሚሰጠው መድኃኒት ሲሆን፣ አብሮ ግን በገንዳው ያሉትን ሽሪምፖችና ሸርጣኖች ይፈጃል። አይፕቴዥያ የሚባል መስተዋት የመሰለ የባሕር አበባ ደግሞ አለ፤ ጎረቤቱን እየነደፈ ይስፋፋል። እርሱን በንዴት መቧጨር ማባዛት ነው፤ ከቀረች ቁራጭ አዲስ ይበቅላልና። አዋቂዎቹ የተበጠበጠ ኖራ በመርፌ አፉ ላይ ያደርጉበታል፤ አለዚያም እርሱን የሚበላ ሽሪምፕ ያስገቡበታል። የባሕር ዓሦችም የራሳቸው ነጭ ነጠብጣብ አላቸው። እርሱን የሚያድነው መዳብ ግን ኮራልን ይገድላል፤ ስለዚህ ዓሦቹን ወደ ሌላ ገንዳ አውጥተው ያክሟቸዋል።

አያችሁ? ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት ጠላትን ማወቅ ይቀድማል። ወንድሜ ማታ መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ በቀይ የእጅ ባትሪ ገንዳውን ይቃኛል፤ ቀን የተደበቀው ሌሊት ይወጣልና።

በመጨረሻ የሚያሳፍረኝን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «አዲሶቹን ለብቻ አቆይተሻቸው ነበር?» በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ሁላችንም «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ቃል ለምደን ነበር። ለዓሣም እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም። አዲስ ዓሣ በሌላ ዕቃ ለአንድ ወር ያህል ተለይቶ ቢቆይ ኖሮ ስድስቱ አይታመሙም ነበር። ጥፋቱ የሻጩ አይደለም፤ የእኔ ነው።

በማግሥቱ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኩት። «ተሳስቼ ነበር» አልኩት። «ነጥቡ ሲጠፋ የዳኑ መስሎኝ ነበር። አልዳኑም ነበር። አሁንም የቀሩት አምስቱ ይድኑ እንደሆነ አላውቅም። ማድረግ ያለብንን ግን አውቄያለሁ፤ አብረን እናደርጋለን።»

የቀን መቁጠሪያውን አውርዶ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ለአንዳንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል። በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ከሰል አወጣን፤ መድኃኒቱን ስለሚመጥ። ማሞቂያውን በቀን አንድ ዲግሪ እየጨመርን 29 አደረስነው፤ ሙቀት የተባዩን ዑደት ያፋጥነዋል። የሞቀ ውሃ ግን አየር የመያዝ ኃይሉ ያንሳል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃው ከመጀመሪያውም የሚያገኘው አየር አነስተኛ ነው። ስለዚህ የአየር ፓምፑን ሌሊትም አላጠፋንም። መብራት በጠፋ ጊዜ ልጄ ውሃውን በኩባያ እየቀዳ ከፍ አድርጎ ያፈስሰው ነበር። ሞሊ ጨው ስለሚችል በሊትር ሁለት ግራም፣ በጠቅላላው 120 ግራም ምንም ያልተቀላቀለበት ጨው አሟሙተን በሦስት ቀን ከፍለን ጨመርን። ጨው የማይወዱ ዓሦችና ብዙ ተክሎች ስላሉ ግን ይህን ለሁሉም አታድርጉት። መድኃኒቱንም እንደ መመሪያው ቀጠልን፤ ከልጅ እጅ አርቄ፣ ጓንት አድርጌ።

በየቀኑ በፕላስቲክ ቱቦ ወለሉን እየመጠጥን የውሃውን ሩብ አወጣን፤ ተባዩ ተሸፍኖ የሚራባው እዚያ ነውና። በምትኩ የምንጨምረው የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቀው አንድ ቀን ክፍት ባልዲ ውስጥ ያደረ፣ ሙቀቱና ጨውም የተስተካከለ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አንዱ፣ በአራተኛው ቀን ሌላው ሞተ። በሰባተኛው ቀን በቀሩት ሦስቱ ላይ ነጥብ አልነበረም። ልጄ ዞሮ ተመለከተኝ። ምን እንደምል እየጠበቀ እንደሆነ ገባኝ።

«ነጥቡ ጠፍቷል» አልኩት። «ድነዋል ግን አልልህም። ከዛሬ ጀምረን አሥራ አራት ቀን እንቆጥራለን።»

ቆጠርን። ጠዋት ጠዋት በእርሳስ አንድ መስመር ይሰርዛል። በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ እርሳሱን እንደያዘ፣ «አባዬ እንደማይድን ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም ነበር» አልኩት። «ሐኪሙ ገና ነው ብሎኝ ነበር። አንተ እንዳትፈራ ብዬ፣ እኔም ፈርቼ፣ አለቀ አልኩህ። እንዲያ ማለት አልነበረብኝም።» ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አባቱ ገንዳውን ከታክሲ አውርዶ እስከ አራተኛ ፎቅ ሲሸከም በየፎቁ እያረፈ እንዴት ያስቀው እንደነበር አነሣ። ያን ቀን ትምህርት ቤት አረፈደ፤ አልተቆጣሁትም።

ሦስቱ ሞሊዎች ዛሬም አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ወልደዋልም። በረንዳችን ላይ ደግሞ ክዳኑ የተበሳ ባለ 20 ሊትር ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ልጄ በላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለይቶ ማቆያ» ብሎ ጽፎበታል። አዲስ ዓሣ ሲመጣ የመግቢያውን ቀን የሚመዘግበው እርሱ ነው። እኔ ወሩ ሳይሞላ «ይበቃል፣ ደኅና ናቸው» ስል ቀና ብሎ ያየኝና የቀን መቁጠሪያውን ያሳየኛል።