ሳይታሰብ የመጣ ሲሳይ፤ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

ዕድል የምንለው ቃል አደለ፥ ማለት ለያንዳንዱ ድርሻውን ሰጠ፥ አካፈለ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ እንደ ቃሉ ትርጓሜ ከሆነ ዕድለኛ ሰው ማለት ድርሻው የደረሰው ሰው ማለት ነው እንጂ መንገድ ሲሄድ ወርቅ የረገጠ ሰው ማለት አይደለም። ነገር ግን በንግድ ስለ ከበረ ሰው ወይም አዲስ ጥበብ ስላወጣ ሰው ሲወራ፥ ‹‹ዕድሉ ቀናለት›› ብለን ነገሩን በዚያው እንዘጋዋለን። በችሎት መዝገብ ሲጽፍ ለሚውል ሰው ግን ድርሻ የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፥ ሌሎቹ ባለድርሻዎች እነማን ናቸው? የሚለው ነው። ይህን በልቤ ይዤ ወደ ባሕር ዳር ወረድሁ፤ ያየሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ለአንባቢዎቼ አቀርባለሁ። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እንግሊዞች ሳይፈለግ የተገኘን በጎ ነገር የሚጠሩበት ለብቻው የሆነ ቃል አላቸው። ቃሉንም ሆራስ ዋልፖል የተባለ ጸሐፊ በ1754 ዓ.ም.፥ ዛሬ ስሪ ላንካ ከምትባለው ከሰሬንዲብ ደሴት ስለ ወጡ ሦስት ልዑላን ከሚነገር ተረት አወጣው። እኛ ግን ደሴት ለመፈለግ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ መሄድ አያስፈልገንም። ጣና ብቻውን ሠላሳ ሰባት ደሴቶች አሉት ይባላል፤ ሐይቁም ራሱ የድንገተኛ ነገር ፍሬ ነው። የምድርን ጥንተ ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ፈስሶ የውሃውን መውጫ ስለ ዘጋው ውሃው ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። ስፋቱ ከ3000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን በጠለቀበት ስፍራ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጣና እንደ ገበታ ሰፊ፥ እንደ ገበታም ጥልቀት የሌለው ነው ማለት ይቻላል።

ባሕር ዳር በዚህ ገበታ ከንፈር ላይ፥ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ተቀምጣለች። ከጣልያን ወረራ በፊት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ መንደር ነበረች፤ ዛሬ የአማራ ክልል ዋና ከተማ ናት። ዘንባባ በተተከለበት ሰፊ ጎዳናዋ ላይ ወደ ማታ ሲሄዱ ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ የቀኑን ሙቀት ያስረሳል። ስለ ከተማይቱ ውበት ብዙ ሰው ስለ ጻፈ እኔ ወደ ጀልባው ልለፍ።

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሲሄዱ ዘጌ ይደርሳሉ። ዘጌ ደሴት አይደለችም፤ ወደ ሐይቁ የገባች የየብስ ምላስ ናት። ከጀልባው ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ አዝዋ ማርያም የሚወጣ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያስደንቀው ሥዕሉ አይደለም፤ ሥዕሉ ገና በኋላ ነው። የሚያስደንቀው ጥላው ነው። መንገዱ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይሄዳል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ደግሞ የቡና ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። የጦጣና የወፍ ድምፅ ይሰማል እንጂ የሞፈርና የበሬ ድምፅ አይሰማም።

ምክንያቱን ሲጠይቁ የሚነገረው እንደዚህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት ጻድቅ ወደዚህ ስፍራ መጥተው ሲጸልዩ፥ በዚህ ምድር ሕዝቡ ባያርስ፥ በሬና ፈረስን የመሰለ ትልቅ እንስሳ ባያረባ፥ ያለ እርሻ የሚኖርበት ሲሳይ እንደሚሰጠው ቃል ኪዳን ተቀበሉ። በትራቸውንም ሰብረው ቢተክሉት ከስብርባሪው ቡናና ጌሾ በቀሉ ይባላል። ይህን እንደ ተነገረኝ ጻፍሁት፤ የገድል ነገር በችሎት ምስክር አይመረመርም። ነገር ግን ከገድሉ ወዲህ ያለውን ማንም ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው አገር በዘመናት ብዛት ሲመነጠርና ሲታረስ፥ ሞፈር የተከለከለባት ዘጌ ደን ሆና ቀረች። ቡና ጥላ የሚወድ ተክል ስለ ሆነ ያ ደን ቤት ሆነለት። ጤፍ የማይዘራ ሕዝብም ቡናውንና ጌሾውን ሸጦ እህል መግዛት ግድ ሆነበትና፥ የዘጌ ሰው ሳይወድ በግድ ነጋዴ ሆነ። ክልከላው የወጣው ስለ ቅድስና ነበር፤ ገበያን ያሰበ ማንም አልነበረም። ለንግድ ብሎ ደኑን እንዲህ ለዘመናት የሚጠብቅ ነጋዴ ይገኛል ብዬ እኔ አላምንም፤ ነጋዴ የዘንድሮን ትርፍ ያስባልና።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው ደግሞ የቡና ስም በዚያን ዘመን ምን እንደ ነበረ ማስታወስ ነው። ዛሬ ረከቦት የማይዘረጋበትን የክርስቲያን ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ዕጣኑ ጢሶ፥ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፥ አቦል ቀርቦ ጎረቤት ሲጠራ ያላደገ ልጅ የለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በብዙው የክርስቲያን አገር ቡና መጠጣት የሙስሊሞች ልማድ ነው እየተባለ ይነቀፍ ነበር። ይህ የተለወጠው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፥ አቡነ ማቴዎስም ጥርጣሬውን በማራቅ ረድተዋል። እንግዲህ ያ የተነቀፈው ፍሬ ለዘመናት ይበቅል የነበረው በአድባራት ጥላ ሥር፥ በካህናት ይዞታ ላይ ነበር። ክርስቲያኑ ሁሉ ስኒውን ባነሣ ጊዜ የዘጌ ዛፍ አስቀድሞ ቆሞ ጠበቀው።

እግረ መንገዴን ስለ ካፋው እረኛ አንድ ቃል ልናገር። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉ አይቶ ቡናን አገኘ የሚባለው ተረት ልጆቻችን ሁሉ የሚያውቁት ነው። ተረቱ በአውሮፓ በመጽሐፍ የታተመው በ1671 ዓ.ም. በሮም፥ ፋውስቱስ ናይሮን በተባለ ሊቅ እጅ ነው፤ በዚያም መጽሐፍ ካልዲ የሚባል ስም የለበትም። የቡና ጥንተ አገሩ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ሊቃውንት ይመሰክራሉ፤ እረኛው ግን ስሙን ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዕድለኛ ሰው ባልተገኘበት ታሪክ ላይ ሰዎች ዕድለኛ ሰው ይፈጥራሉ፤ የሠሩትን ብዙ ሰዎች ከመቁጠር አንድን እረኛ ማመስገን ይቀልላልና።

የዘጌም መዝገብ ሌላ ገጽ አለው። ቡናን የመነኩሴ በትር ቢተክለውም በትር አይለቅመውም። ሥሩን መኰትኰት፥ ፍሬውን መልቀም፥ ማድረቅ፥ መሸከም የሰው እጅ ይፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመትና በ20ኛውም መጀመሪያ በዘጌ ያ እጅ በብዛት የባሪያ እጅ ነበር። በዘጌ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ያጠናው ቶም ቦይልስተን በ2018 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጽፎታል። እርሻ ባልተፈቀደባት ምድር ባለቡናው ሀብታም ሲሆን፥ ከሩቅ አገር ተሽጠው የመጡ ወንዶችና ሴቶች ጉልበታቸውን ያለ ዋጋ አፈሰሱ። ባርነት በአገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ሐሜቱን ግን ወዲያው አልፈታውም፤ የነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በጋብቻና በማኅበር ሲነቀሱ ኖረዋል። ይህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሆነ ይህን መዝለል አይገባኝም። ልጅ ሲዳር ዘር የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች በየቤታችን አሉ፤ ከቆጠሩ ዘንድ የሚጠጡትን ቡና ማን እንደ ለቀመውም ቢቆጥሩ መልካም ነበር። የበትሩ ታሪክ ስለ እነርሱ ምንም አይናገርም።

በማግሥቱ ከሐይቁ ተለይቼ፥ ዓባይን ተከትዬ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጢስ ዓባይ ወረድሁ። ውሃው አስቀድሞ ያልሁትን ጥንታዊ ድንጋይ ዘሎ 40 ሜትር ከሚበልጥ ገደል የሚወድቀው በዚህ ነው። ከፏፏቴው በታች፥ ወንዙ በጠበበበት ስፍራ፥ አላታ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ ቆሟል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ ማለት ከ1607 እስከ 1632 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠራ ይነገራል። እንዲህ ያለውን ቅስት አጣብቆ የሚይዘው ኖራ ነው፤ የኖራውም ነገር ከአጋጣሚ ታሪኮች ሁሉ ለእኔ የበለጠ የሚጥመኝ ነው። በዚያን ዘመን በአገሩ አብዛኛው ቤት በጭቃ ወይም ያለ ማጣበቂያ በተደረደረ ድንጋይ ይሠራ ነበር። ማኑኤል ደ አልሜይዳ የተባለው የኢየሱሳውያን ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ ከሕንድ የመጣ አንድ አስተዋይ ሰው በዚህ አገር ነቀዝ የበላው የሚመስል፥ ረቂቅና ቀላል የሆነ ድንጋይ አየ፤ በሕንድ አገር በካምባይ ኖራ ከሚቃጠልበት ድንጋይ ጋር አንድ መሆኑንም ዐወቀ። ድንጋዩ ከጥንት ጀምሮ በዚያው ነበር። እረኛ ተቀምጦበታል፥ በቅሎ ረግጦታል፥ ምናልባትም አጥር ታጥሮበታል። የጎደለው ድንጋዩ አልነበረም፤ በሌላ አገር የድንጋዩን ወንድም ያየ ዓይን ነበር። ኢየሱሳውያን በ1633 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ፤ ኖራው ግን አልተባረረም። አፄ ፋሲል በ1636 ዓ.ም. ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ ግንቡ በዚያው ጥበብ ተሠራ። እንግዳን ከነእውቀቱ ማባረር ለብዙ አገር ቀላል ሆኖ ይታያል፤ እውቀቱን አስቀርቶ መሸኘት ግን ብልህነት ይጠይቃል፥ በጎንደር የሆነው ይህ ነው።

ከጢስ ዓባይ ሲመለሱ የሚያስቡት ደግሞ ውሃው ምን እንደ ሠራ ነው። በ1964 ዓ.ም. በፏፏቴው አጠገብ 11 ሜጋዋት ያህል የሚያወጣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ከእርሱ በፊት፥ በ1961 ዓ.ም.፥ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። ይህ ፋብሪካ የተሠራው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በ1947 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ የተከፈለው በኋላ በድርድር አንሶ ነው። ከገጠር መጥቶ በዚያ ፋብሪካ ደመወዝ ያገኘ ወጣት፥ የባሕር ዳር ሰው የመሆን ዕድል ገጠመኝ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ካሣን ዕድል ብሎ በመዝገብ ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም። ካሣ ዕዳ ነው፤ ዕዳውም በማይጨውና በየገደሉ የወደቁ፥ በየካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ የተጨፈጨፉ ሰዎች ደም ነው። ያ ገንዘብ ባሕር ዳርን ሲደርሳት ከእነርሱ ድርሻ ተቀንሶ እንደ ደረሳት መታወቅ አለበት።

በመጨረሻው ቀን ጧት በሐይቁ ዳር ደንገል የሚታጨድበትን ስፍራ አየሁ። ከደንገል ታንኳ መሥራት ከጥንት የነገደ ወይጦ ሰዎች ጥበብ ነው። ጎረቤቶቻቸው ጉማሬ ይበላሉ እያሉ ሲንቋቸውና አብረዋቸው ማዕድ ላለመቁረስ ሲሸሹ ኖረዋል፤ ነገር ግን በእነርሱ ታንኳ ያልተጫነ እንጨትና እህል፥ ያልተሻገረም መነኩሴ በጣና ላይ ጥቂት ነው። ይህ የጣና ደንገል አንድ ጊዜ አትላንቲክ ውቅያኖስን ለመሻገር ተነሥቶ ነበር። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ፥ የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ፈልጎ፥ ከጣና የታጨደውን ደንገል ወደ ግብፅ አስጫነ። በፒራሚዶቹ ሥር ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች ራ የተባለውን መርከብ ሠሩለት። በግብፅ ጥንታዊ ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የመርከብ ጭራ ወደ ጀርባው የተወጠረ አንድ ገመድ ይታያል። ጭራው ያለ ገመዱም ቀጥ ብሎ ስለ ቆመ ገመዱ ለጌጥ የተደረገ ትርፍ ነገር ነው ተባለና ተነሣ። በግንቦት 1969 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥተው በውቅያኖሱ መካከል ሲደርሱ ጭራው እየሰመጠ ሄደ፤ ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው መርከቡን ጥለው ወጡ። የገመዱ ሥራ የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ጭራውን ማስጌጥ ሳይሆን መርከቡን እንደ ቀስት ወጥሮ መያዝ ኖሯል።

በማግሥቱ ዓመት ከቦሊቪያ፥ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ሁለተኛውን ራ ሲሠሩ ገመዱ አልቀረም። መርከቡም በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ።

በጣና ዳር ያየሁት ታንኳ ሠሪ ይህን አልነገረኝም፥ እኔም አልጠየቅሁትም። ሁለት ታንኳዎች ውሃ ስለ ጠጡ በፀሐይ እንዲደርቁ አቁሟቸው ነበር፤ ሦስተኛውን ደግሞ በጉልበቱ ተጭኖ በልጥ ሲያስር፥ ማሰሪያው እስኪጮህ ድረስ ይስበው ነበር።