ግንደ ቆርቁር ራሱን አያመውም?

ግቢያችን ውስጥ ያለው ማንጎ ዛፍ ላይ አንድ ግንደ ቆርቁር ይመላለሳል። አሶሳ ለኖራችሁ ድምፁ አዲስ አይደለም፤ ልጅ እየሮጠ የቀርከሃ አጥርን በዱላ የሚነካካ ነው የሚመስለው። አንድ እሁድ ጠዋት የስድስት ዓመቷ ልጄ ቀና ብላ አየችውና «እማዬ፣ ራሱን አያመውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

ብዙዎቻችን የሰማነው መልስ አለ፦ የወፉ የራስ ቅል እንደ ስፖንጅ ሆኖ ምቱን ውጦ ያስቀረዋል የሚል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና እንዲህ ያለ ታሪክ ለምን ቶሎ እንደሚዛመት ይገባኛል። አጭር ነው፣ ደስ ይላል፣ ዕቃም ያሻሽጣል። ግን እስቲ አንድ ነገር አስቡ። መዶሻ ላይ ስፖንጅ አስራችሁ ሚስማር ብትመቱ ሚስማሩ ይገባል? የወፉም ራስ ምቱን ቢውጠው ኖሮ እንጨቱ አይበሳም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 የቤልጂየሙ አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሳም ቫን ቫሰንበርግና ባልደረቦቹ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሦስት ዓይነት ግንደ ቆርቁሮችን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሲያዩ፣ ምንቃሩ እንጨቱን መትቶ ሲቆም የራስ ቅሉም እኩል ይቆማል። በመካከላቸው ምቱን የሚያለዝብ ነገር አልተገኘም። የወፉ ራስ መዶሻ እንጂ ትራስ አይደለም።

ታዲያ ምን አዳነው? ትንሽነቱ!

ሰው የሞላበት አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አስታውሱ። ፊት የቆመው ሰው ከኋላው ያለው ሕዝብ ሁሉ ይጫነዋል። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ቢኖር ግን ያን ያህል አይጨነቅም። አንጎልም እንደዚሁ ነው። ራስ ድንገት ሲቆም የኋላው ክፍል የፊቱን ይጫነዋል። የግንደ ቆርቁር አንጎል ጥቂት ግራም ብቻ ስለሚመዝን ጫናው ትንሽ ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል ግን 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እኛ የተሳፈርነው በሞላው አውቶቡስ ነው ማለት ነው።

ፍጥነቱንም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ፊሊፕ ሜይና ባልደረቦቹ የአንድን ግንደ ቆርቁር ምት ሲለኩ በሰከንድ ከ6 እስከ 7 ሜትር አግኝተዋል። ይህ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሞተር ሳይክል ከተማ ውስጥ በዝግታ የሚሄድበት ፍጥነት። ለወፉ የዕለት ሥራው ነው፤ ለእኛ ግን በዚያ ፍጥነት ራስን ከአስፋልት ጋር ማጋጨት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው ክረምት ከሞተር ሲወድቅ እየበረረ አልነበረም፤ ሄልሜት ግን አላደረገም። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። እስከ ዛሬ ግን ራሱን ያመዋል፤ የጀመረውንም ወሬ መሃል ላይ ይረሳዋል።

ሄልሜት ወፉ የሌለውን ነገር ይሰጠናል። ውስጡ ያለው ፎም በግጭት ጊዜ ይጨፈለቅና ራሳችን የሚቆምበትን ቅጽበት ያረዝመዋል፤ ቅጽበቱ ሲረዝም በአንጎል ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተጋጨ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷልና ቀይሩት። በራስ ላይ የሚዋዥቅ ወይም ማሰሪያው ያልተቆለፈም አያድንም።

እቤታችን ባለቤቴ ልጃችንን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት በሞተር ሳይክል ነው። ሕጋችን አጭር ነው፤ ሁለት ሄልሜት ካልታሰረ ሞተር አይነሳም። የእሷ በልኳ የተገዛ ነው፤ የአዋቂ ሄልሜት ለልጅ አይሆንምና።

ልጃችሁ ወድቆ ራሱን ከተመታ ደግሞ ማልቀሱን ሲያቆም አትዘናጉ። ካስመለሰው፣ ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ ከጣለው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም ራሱን ከሳተ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ለልጄም የመለስኩላት ይህንኑ ነው፦ «እሱን አያመውም፤ አንጎሉ ትንሽዬ ናት። ያንቺ ትልቅ ስለሆነ ግን ጠባቂ ያስፈልገዋል።»