ቡራኬው ለጀበናው፣ እርግማኑ ለሠሪዋ

በጅማ ከተማ፣ በቦሳ አዲስም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ቡና የሚፈላበት ቤት የተረትና የምርቃት አደባባይ ነው። ረከቦቱ ላይ ስኒ ይደረደራል፤ ከሰሉ ይግላል፤ እጣኑ ይጤሳል፤ ጀበናው ከማቶቱ ላይ ያርፋል። ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል የሚባልለት የሌለው አንድም የለም። ስኒ ሲሰበር «ክፉውን ይዞ ይሂድ» ይባላል። የመጀመሪያውን ቡና ለአድባር ጠብ ሳያደርጉ መቅመስ የማይወዱ እናቶች አሉ። በረካ ሳይጠጣ የተነሣ እንግዳ ምርቃቱን ጥሎ እንደ ሄደ ይቆጠራል። የተገለበጠ ስኒ አንሥታ፣ ከአተላው መስመር የነገን ዕድል አነባለሁ የምትል ጎረቤትም አትጠፋም።

ከጅማ ወጥቶ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ ለሚሄድ ሰውም ነገሩ ያው ነው። ሙስሊሙ በቡናው ላይ ዱአ ያደርጋል። የቀድሞውን ሥርዓት የሚያስታውሱ የኦሮሞ ሽማግሌዎች፣ ቡናው ከነገለባው በቅቤ የሚጠበስበትን «ቡና ቀላ» እየጠሩ ሰላምና እርጥብ ዘመን ይለምናሉ። ክርስቲያኑም በበኩሉ ይመርቃል። ሃይማኖቱ ቢለያይም ሁሉም በጀበናው ዙሪያ ይሰበሰባል። ሳይንስ አይደግፈውም ተብሎ ይህን ሁሉ ለመንቀፍ የሚነሣ ቢኖር ጊዜውን ያባክናል፤ የተሰበረ ስኒ ክፉ ነገር ይዞ ሄደ መባሉ ማንንም አላስራበም፣ ማንንም ከደጅ አልመለሰም።

ይሁንና ከዚሁ ከጀበናው ጋር አብሮ የኖረ ሌላ እምነት አለ። እርሱ ሰው ይጎዳል። ዕቃውን የሚባርከው ይኸው ኅብረተ ሰብ፣ ዕቃውን የሠራውን እጅ ለብዙ ዘመን ሲረግም ኖሯል።

ጀበና የሴት እጅ ሥራ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከጉድጓድ ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣዋለች፤ ጠጠሩን ትለቅማለች፤ ትወቅጣለች፤ ከተፈጨ የሸክላ ስብርባሪ ጋር ቀላቅላ ታሸዋለች። የሸክላ መንኮራኩር የላትም፤ መንኮራኩሯ የራሷ መዳፍ ነው። ጭቃውን አድቦልቡላ፣ ውስጡን ፈልፍላ፣ ሆዱን ታወጣለች፤ ከዚያም አንገቱን፣ ከዚያም እጀታውን ትቀጥላለች። ገላውን በለሰለሰ ጠጠር ደጋግማ ታሻሻለች። በጥላ ካደረቀችው በኋላ ዕንጨት፣ ገለባና ኩበት ከምራ እሳት ትለቅበታለች። በዚያች ሰዓት ነፋስ ቢነሣ፣ ወይም አንዲት ጠጠር ጭቃው ውስጥ ተሸሽጋ ቢሆን፣ የስንት ቀን ልፋት በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል። የተረፈውን በሣር ጠቅልላ ለገበያ ትሸከማለች።

የጅማ የሂርማታ ገበያ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት ታላላቅ የንግድ ቦታዎች አንዱ ነበረ። የሩቅ አገር ነጋዴ ቅመምና ጨርቅ ሲያወርድበት፣ የአካባቢው ሸክላ ሠሪም ጀበናዋን፣ ድስቷንና ምጣዷን በመሬት ላይ ትዘረጋ ነበር። የጀበና ገበያ ሥርዓት ዛሬም አልተለወጠም። ሸማቿ ጀበናውን አንሥታ በጣቷ አንጓ ትመታዋለች፤ ድምፁ ከጠራ ደህና ነው፣ ከሸከረ ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። ውስጡን በብርሃን ታያለች፤ ዋጋ ትከራከራለች፤ ገዝታ ቤቷ ስትገባም ታሟሸዋለች። የተሟሸው ጀበና ለዓመታት የቤቱ ባለ ማዕርግ ይሆናል።

ጀበናው ደጃፉን አልፎ እልፍኝ ገባ። ሠሪዋ ግን ከደጃፍ ቀረች። በጅማና በዙሪያዋ ሸክላ ሠሪው «ፉጋ»፣ ብረት ቀጥቃጩ «ቱምቱ»፣ ቆዳ ፋቂው «ፋቂ» ሲባል ኖሯል። እነዚህ ቃላት የሙያና የወገን መጠሪያ ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ ስድብም ሆኑ። ባለ እጆቹ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ እንዳይጋቡ፣ ለብቻቸው እንዲኖሩ ተደረገ። በአጎራባቹ በከፋ ደግሞ በአደንና በከሰል ይተዳደሩ በነበሩት በማንጆዎች ላይ የደረሰው መገለል ከዚህም የከፋ ነበር፤ ምግብ ሲሰጣቸው በቅጠል ወይም ለሌላ ሰው በማይቀርብ ስባሪ ዕቃ ነበር። በቡና አገር ለሰው ስኒ መንፈግ ሰውነቱን እንደ መንፈግ መሆኑን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የብረቱም ነገር ከዚሁ የተለየ አይደለም። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ክፉ ዐይን እንዳያገኛት ከራስጌዋ ብረት ይደረጋል፤ ቢላዋም ሆነ ማጭድ ይህን ሥራ ይሠራል። ብረቱ ቡዳን ይከላከላል ይባላል። ቢላዋውን በወናፍና በመዶሻ ያበጀውስ ማን ነው? ራሱ ቡዳ ነው የተባለው ቀጥቃጭ! ከአንድ እጅ የወጣው ሥራ መድኃኒት ሲባል፣ እጁ በሽታ ተባለ። ይህን ተቃርኖ ያስተዋለ ጥቂት ነው፤ ልማድ ማስተዋልን ያደነዝዛልና።

ስለ ቡዳ ከሚነገሩት ወሬዎች ሁሉ የከረመው የጅቡ ጉትቻ ነው። ቡዳ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል፤ ጅቡ ሲገደል ግን የወርቅ ጉትቻው ከጆሮው ላይ ይገኛል ይባላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ፣ ከሞተ በኋላ በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይህንኑ ወሬ አስፍሮታል። ጉትቻ የወርቅና የብር አንጥረኛ ሥራ ነው። ሠሪው ለሰው ሚስት ጌጥ እንዲሆን አንጥሮ ያወጣው ቀለበት፣ ዞሮ በራሱ ላይ የሐሰት ምስክር ሆነ። በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቅጠውና ሸክላ ሠርተው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ይኸው ክስ ተለጥፎባቸው ነበር፤ የክርስቶስን ችንካር የቀጠቀጡት አባቶቻቸው ናቸው እስከ መባል ተደርሷል።

ታዲያ የማይታወቅ ነገር ሁሉ ያስፈራል ከተባለ፣ ከባሕር ማዶ የመጡት ዕቃዎች ለምን ሠሪዎቻቸውን አላስረገሙም? ጨሌን እንመልከት። በኦሮሞ እናቶች ዘንድ የአቴቴ ጨሌ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ይከበራል፤ ይፈራልም። መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ ጨሌ አይነሣም፤ መንፈሱ ይከተላል ይባላል። ከእነዚህ ዶቃዎች ብዙዎቹ ግን ከቬኒስና ከቦሄሚያ የመስታወት ሠሪዎች እጅ ወጥተው፣ በነጋዴ በቅሎ የመጡ ሸቀጦች ናቸው። የማሪያ ቴሬዛ ብርም እንዲሁ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ቀጠለ። የኢትዮጵያ ሰውም በሥዕሏ ላይ ያሉትን የፈርጥ ነጥቦች እየተመለከተ ያልጠራውን ይመልስ ነበር። የቬኒስን ዶቃ ሠሪ ወይም የቪዬናን ብር መቺ ግን ቡዳ ያለው የለም። ያንን ብር አቅልጦ ድሪና የክታብ መያዣ ያደረገው የአገር ቤቱ አንጥረኛ ግን ተባለ። እንግዲህ እርግማኑ የሚከተለው የዕቃውን ምሥጢር አልነበረም ማለት ነው። የሚከተለው በቅርብ ያለውን፣ አቅም የሌለውን ሰው ነበር።

ይህ ነገር ከሌላው ዓለም ተረት ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ ተረገሙ ዕንቁዎች የሚነገረው ወሬ የሚያሳድደው ባለ ሀብቱን ነው። «ሆፕ» የተባለው ሰማያዊ አልማዝ የያዘውን ሁሉ ያጠፋል ተብሎ ሲወራ ኖሮ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ሐሪ ዊንስተን የተባለው የጌጥ ነጋዴ በአደራ ፖስታ ለስሚዝሶንያን ሙዚየም ላከው፤ ዛሬም እዚያው አለ። የቱታንካመን መቃብር በ1922 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ሎርድ ካርናርቮን በማግሥቱ ዓመት ሲሞት የፈርዖን እርግማን ነው ተባለ፤ ቁፋሮውን የመራው ሃዋርድ ካርተር ግን እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ኖሯል። ወሬዎቹ መሠረት የላቸውም። ሆኖም በውስጣቸው የድሃ ፍርድ አለ፤ ያላግባብ የከበረ፣ የሙታንን ዕረፍት የደፈረ ይቀጣል ይላሉ። የጀበናው ተረት ግን ፍርዱን ገልብጦታል፤ ባለ ጀበናዋን መርቆ ጭቃ ያቦካችውን ይቀጣል።

የዚህ ምክንያት ከሰማይ አልወረደም። ክብር ከመሬት በሚለካበት አገር፣ መሬት የሌለው ባለ ሙያ ኑሮው በሌላው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ በአማራው ዘንድ ቡዳነት በተለይ የሚለጠፈው በመሬት አልባው ጠይብ ላይ መሆኑን አሳይቷል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ያለ ምጣድ አይጋግርም። ይህን ያህል የሚያስፈልገውን ሰው እንደ እኩያው ላለመቁጠር አንድ ሰበብ ያሻዋል። ቡዳ የሚለው ቃል ያንን ሰበብ ሰጠው። ከእሳትና ከጭቃ ጋር የሚደረገው የሙያው ምሥጢርም ለወሬው ማገዶ ሆነ።

ነገሩን በአዋጅ ለማስቆም የተሞከረው ዛሬ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በብዙ ቦታ ለባለ እጆችም የእርሻ መሬት አስገኝቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት በ2003 እ.ኤ.አ. ስለ ተገለሉ የኢትዮጵያ ወገኖች ያዘጋጁት መጽሐፍ፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ መገለሉ በጋብቻና በማዕድ ረገድ ገና እንዳልተነቀለ ይመሰክራል። አዋጅ መሬት ያከፋፍላል፤ ስኒ አቅርቦ አብሮ የሚጠጣው ግን ጎረቤት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ አደጋ ከፊት ቆሟል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለች። ከስድቡ ለማምለጥ አጭሩ መንገድ የእናቷን ሙያ መካድ ነው። ልጅቱ ብትክድ ማን ይፈርድባታል? ገበያውም አያበረታታትም፤ ፕላስቲኩና ብረታ ብረቱ የእንስራውንና የድስቱን ቦታ ወስደዋል። ሙያው ከጠፋ ግን እርግማኑ አሸነፈ ማለት ነው። ስድቡ ሳይሸነፍ ተሰዳቢው ብቻ ይጠፋል፤ ጀበናውም በየመድረኩና በየሆቴሉ የባህል ምልክት ተብሎ ሲቆም፣ ምልክትነቱ ለማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

ስለዚህ መምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው የሚጠበቅባቸው ተረቱን ሁሉ በአንድ መጥረጊያ መጥረግ አይደለም። የስኒው፣ የአድባሩና የበረካው ጨዋታ ይቆይ። ከዚያ መካከል ሰው የሚያገልለውን መለየት ግን ይቻላል፤ መለያውም ከባድ አይደለም፤ ወሬው ሲያልቅ ከማዕድ የሚነሣ ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ «የፉጋ ልጅ» የሚለው ሹክሹክታ ሲሰማ እንዳልሰማ ካለፈ፣ ያስተማረው የሥነ ዜጋ ትምህርት ሁሉ ከንቱ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱም ጀበናን ለመድረክ ማስጌጫ ሲያወጣ፣ ሠሪዋን በሰውነቷ መድረክ ላይ ለማውጣት መድፈር አለበት፤ እንደ ጅብ ሳይሆን፣ እንደ ምስኪንም ሳይሆን፣ የእሳቱን ልክና የጭቃውን ጠባይ እንደምታውቅ ባለ ሙያ።

በሙዚየምም በእልፍኝም ያለ የከበረ ዕቃ በባለቤቱ ስም ይጠራል፤ የአባ ጅፋር ዕቃዎች የአባ ጅፋር ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ በሥራዋ ላይ ስሟን አትጽፍም። እጀታው ከጀበናው ሆድ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ግን፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ የተጫነው አውራ ጣት አንዳንድ ጊዜ አሻራውን ይተዋል። እሳቱም ያንን አሻራ አያጠፋውም፤ ያጸናዋል እንጂ።