መምሰልና ባይተዋርነት

«እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» የሚለው ምሳሌ በአገራችን መምሰል ምን ያህል እንደ ጥበብ ሲቆጠር እንደኖረ ያሳያል። የማጃንግ ሰው ግን የሚያጎነብስለት ንጉሥ አልነበረውም። በዛሬይቱ መቲ ዙሪያ ባለው ጫካ ጥቂት ቤት ሆኖ ይሰፍር፣ መንጥሮ ይዘራ፣ ቀፎውን ከዛፍ ላይ ይሰቅል ነበር፤ መሬቱም ሲደክም ይነሣል። ከጎረቤቱ ቢጣላም እንደዚሁ ነው፤ ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ ዘመዱ ሰፈር ይሄዳል። በ1950ዎቹ ዓመታት አብሯቸው የኖረው አሜሪካዊው አጥኚ ጃክ ስታውደር ይህን በሰፊው ጽፎታል። እንግዲህ ሌላው በማመልከቻ የሚለምነውን ነጻነት እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ያገኙት ነበር። (ከማመልከቻ ሳይፈጥንም አይቀርም!)

መንግሥት ግን ሰውን በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ማግኘት ይወዳል። በደርግ ዘመን ሕዝቡ ወደ መንደር እንዲሰበሰብ ተደረገ። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት መልካም ነገር መሆኑን አንክድም፤ ያለ ትምህርት ቤት ይህችን ገጽ ባልጻፍናትም። ዋጋው ግን ሰው ሲከፋው የሚነሣበት ስፍራ ማጣቱ ነው። ቡናውና ሰፋሪው ጫካውን ሲያጠብቡት ደግሞ ጥል ቢነሣ መራቅ አልተቻለም፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. የመሬት ጥል በአካባቢው ደም አፋሰሰ።

ከመቲ ወጥተን ዩኒቨርሲቲ የገባነውስ? ቅላጼያችን እንዳይታወቅ እንጠነቀቃለን፤ «ከየት ናችሁ?» ስንባል «ከቴፒ በኩል» ማለት ይቀለናል። ለክረምት ስንመለስ ደግሞ አያቶቻችን ከንግግራችን ውስጥ አማርኛውን እየለቀሙ ይስቁብናል። እዚህ መምሰል፣ እዚያ ባይተዋርነት።

ይሁን እንጂ ባይተዋርነት ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን «ታገል» በተባለው የተማሪዎች ልሳን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲጽፍ፣ ኢትዮጵያዊ ለመባል የሌላውን ጭምብል ማጥለቅ ግድ መሆኑን አወገዘ። እርሱ ራሱ የወሎ አማራ ነበረ፤ ከገዛ ወገኑ ልማድ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ባይቆም ኖሮ ጭምብሉ ባልታየውም ነበር። የጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

የሚያሳዝነው፣ ያ ትውልድ ውሎ አድሮ የራሱን አጎንብሱ ማምጣቱ ነው። በ1969 ዓ.ም. የኢሕአፓና የመኢሶን ልጆች፣ ትናንት አብረው የተሰለፉት፣ በመስመር ልዩነት ተገዳደሉ። እነርሱም ሲጣሉ የሚሄዱበት ጫካ አልነበራቸውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ናቸው ብሏል። የማጃንግ ልጅም በታችኛው ክፍል በቋንቋው ይማራል። ከዚያ ወዲያ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ፣ የዩኒቨርሲቲው እንግሊዝኛ ነው። ይህን ጽሑፍ በማጃንግኛ ጽፈነው ቢሆን በዚህ ግቢ ስንት አንባቢ እናገኝ ነበር? ሦስት እንገምታለን፤ ሁለቱ እኛው ነን።